ከሚወዱት ዘፈን ታሪክ ማውጣት፦ ሁለተኛው ገጽ ላይ ለምን ይቆማል?

ጥያቄ፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው አንድ የአማርኛ ዘፈን አለ፤ ስለ መለያየት ነው። በሰማሁት ቁጥር አንድ ታሪክ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። አጭር ልብ ወለድ ላድርገው ብዬ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ሁለት ገጽ ሳልሞላ ቆመብኝ። የጻፍኩትን ሳነበው ዘፈኑን በስድ ንባብ የደገምኩት ይመስለኛል። ምን ይሻለኛል? ከግጥሙስ አንድ ሁለት ስንኝ መጥቀስ ይፈቀድልኛል?»

መልስ፦ ሁለተኛው ገጽ ላይ የሚቆመው ዘፈኑ እዚያ ስለሚያልቅ ነው። አንድ የአማርኛ ዘፈን የአዝማቹን ድግግሞሽ ካልቆጠሩት ከ12 እስከ 24 ስንኝ ቢሆን ነው፤ በቃል ቢቆጠር ከመቶ ብዙም አያልፍም። ይህችን ታህል ጽሑፍ አምስት ደቂቃ የሚያስኬዳት ዜማው፣ የድምፃዊው ትንፋሽና መሣሪያው ነው። «ልቤ ተሰበረ» የምትል ሐረግ ከኋላዋ ሳክስፎን ሲገባላት ታስለቅሳለች። ወረቀት ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ ማንም ስለማንም የሚላት ሐረግ ናት። እርስዎ ሲጽፉ ዜማው ጆሮዎ ውስጥ ስላለ ጉድለቷ አይታወቅዎትም። አንባቢው ጋ ግን ዜማው የለም።

ሌላም ምክንያት አለ። የመለያየት ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ነገሩ ካበቃ በኋላ ነው። ሄዳለች፣ ተለያይተዋል፣ የቀረው ማንጎራጎር ነው። ዘፋኙ በመጀመሪያው ስንኝ የቆመበትና በመጨረሻው ስንኝ የቆመበት ቦታ አንድ ነው፤ አዝማቹም እየዞረ እዚያው ይመልሰዋል። ለዘፈን ይህ ውበቱ ነው። ልብ ወለድ ግን እንዲህ ሲዞር ይሞታል፤ ከተነሳበት የተለየ ቦታ መድረስ አለበት። ስለዚህ ዘፈኑ የተናገረውን ለዘፈኑ ይተዉለትና ዝም ብሎ ያለፈውን ይያዙ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ያ ዝምታ የት እንዳለ ማግኛ ነው።

ዘፈንዎ የትኛው እንደሆነ ስላልነገሩኝ፣ የባለቤትነት ጣጣም እንዳይመጣ፣ ለዚህ መልስ የሚሆን አጭር «ዘፈን» ገጥሜያለሁ። 6 በ6 ቀለም እየተከፈለ የሚሄደው የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ ነው። ለውበቱ ሳይሆን ለሥራችን ይዩልኝ፦

ከአውቶቡሱ በር ላይ ዝናብ ሲያካፋ
ሻንጣሽን ይዤልሽ ስምሽ ከአፌ ጠፋ

ጎማው ጭቃ ረጭቶ መንገዱን ጀመረ
ልነግርሽ ያልኩት ቃል ከኔው ጋራ ቀረ

አዝማች፦ መድረስሽን ብቻ ላኪልኝ

መጀመሪያ ግጥሙን ከድምፁ እየሰሙ በእጅዎ ይገልብጡት። ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈውን አይቅዱ፤ ስህተት ይበዛበታል፣ ከዚያም በላይ የእርስዎ ጆሮ የት ላይ እንደሳተ አይነግርዎትም። አሥር አሥር ሰከንድ እያስቆሙ ሲሠሩት የአምስት ደቂቃ ዘፈን ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ። ለዓመታት አንድ ዓይነት አድርገው ሲዘፍኑት የኖሩት ስንኝ ሌላ ሆኖ ቢያገኙት፣ የተሳሳተውን አይጣሉት፤ በገጹ ጠርዝ ላይ ይጻፉት። ገጣሚው ያልጻፈው፣ የእርስዎ ብቻ የሆነ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ቀጥሎ ሌላ ወረቀት አራት ቦታ ይክፈሉ፦ ማን ይናገራል፣ ለማን፣ መቼ፣ ምን ዕቃ ይታያል። እያንዳንዱን ሲሞሉ አንድ ሕግ ብቻ ይጠብቁ፤ ግጥሙ ላይ በፊደል የሌለ ነገር አይግባ። ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ ነው። ከላይ ባለችው ዘፈን «ማን ይናገራል» ለሚለው ዘጠኙ ሰው ከአሥሩ «ፍቅረኛዋ፣ ወንድ ነው» ብሎ ይሞላል። የት ላይ ነው ወንድ የሚለው? አማርኛ ለሁለተኛና ለሦስተኛ መደብ ነጠላ ጾታ አለው፤ ለአንደኛ መደብ የለውም። «ላኪልኝ» ስለሚል የምትሄደዋ ሴት መሆኗ ተረጋግጧል። «ይዤልሽ»፣ «ልነግርሽ»፣ «ከአፌ» ግን ወንድም ሴትም፣ ልጅም ሽማግሌም ሊላቸው ይችላል። ወንድ የመሰለን ዘፋኙ ወንድ ነው ብለን ስላሰብን ብቻ ነው። ድምፁን ሲያነሱት ተናጋሪው ባዶ ወንበር ሆኖ ይቀራል። እዚያ ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ?

ፍቅረኛውን ካስቀመጡ ዘፈኑን ይደግማሉ። እስቲ እናቷን እናስቀምጣት። «ሻንጣሽን ይዤልሽ» ወዲያው ሌላ ክብደት አገኘ፤ የፍቅረኛ ጨዋነት መሆኑ ቀርቶ ያሳደገ እጅ ሆነ። «ልነግርሽ ያልኩት ቃል» የፍቅር ኑዛዜ መሆኑ ቀርቶ እናት ለልጇ ያልደፈረችው ነገር ሆነ። «ስምሽ ከአፌ ጠፋ» ግን ይጎረብጣል። እናት የልጇን ስም እንዴት ትረሳለች? ይህ የሚጎረብጥ ቦታ ሲመጣ ብዙ ጀማሪ ደንግጦ ተናጋሪውን ይቀይራል። አይቀይሩ። ታሪክ ያለው መልስ የሌለው ጥያቄ ያለበት ቦታ ነው። የልጇን ስም መጥራት የተከለከለች እናት ልትሆን ትችላለች። መቼ ነው እናት የልጇን ስም መጥራት የምትከለከለው? ልጅቷ በሌላ ስም ስትጓዝ። ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ ልጆች ስማቸውና ዕድሜያቸው ተቀይሮ በወጣ ፓስፖርት መጓዛቸው እንግዳ ወሬ አይደለም። ይኸው ታሪክ መጣ። ከዘፈኑ አንድም ነገር አልጣልንም፤ ዘፈኑ ያላሰበው ቦታ ግን ደርሰናል።

«ምን ዕቃ ይታያል» የሚለውን ስንሞላ ደግሞ የአማርኛ ዘፈን አንድ ጠባይ ይረዳናል። በእንጉርጉሮና በሕዝብ ዘፈን የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ሁለተኛው ላይ ነው። ተራራው፣ ወንዙ፣ ጤፉ፣ ዝናቡ ከፍቅሩ ጋር ምንም አያገናኛቸው ይሆናል። ሰው ታሪክ ሲሠራ ፍሬ ነገር ወዳለበት ሁለተኛ ስንኝ ይሮጣል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ሁለተኛው ስንኝ ስሜቱን ስለተናገረው ለእርስዎ የቀረ ሥራ የለም። የመጀመሪያው ግን ዕቃና ቦታ ትቶልዎታል፤ ትርጉሙንም አልሰጠውም። በእኛ ዘፈን «ዝናብ ሲያካፋ» ለ«ጠፋ» ቤት መምቻ የገባ ነው። እንግዲህ ዝናቡ ሥራ ይሰጠው፤ ልጅቷ ዘነበች ትባል። እናቷ ሲያቆላምጧት ቤት ውስጥ «ዘነበ» ይሏታል እንበል፤ በእኛ አገር ሴት ልጅን በወንድ አንቀጽ፣ ወንዱን በሴት አንቀጽ ማቆላመጥ ያለ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ሐያት ይሁን።

«መቼ» የሚለው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዘመን ካልተወሰነ ታሪኩ ይፈርሳል። «መድረስሽን ብቻ ላኪልኝ» የሚል ልመና ሞባይል ባለበት ዘመን በአንድ መልእክት ያልቃል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ታሪኩን ወደ ኋላ መውሰድ፤ ደብዳቤ ሳምንታት የሚፈጅበት፣ ደርግ ሰዓት እላፊ ያወጀበት፣ ደብዳቤ መጻፍ የማይችል ሰው ድምፁን በካሴት ቀድቶ በሰው የሚልክበት ዘመን። ይህን ከመረጡ ዕቃው ትክክል ይሁን። የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ወገኑ የሚይዘው 30 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ሊናገር አይችልም፤ ተነሥቶ መገልበጥ አለበት፤ የታሪክዎ ዋና ቅጽበት ያ የመገልበጥ ዝምታ ሊሆን ይችላል። ባትሪ ለመቆጠብ ሪሉን በእስክሪብቶ የሚያጠነጥን ሰው ቢያስገቡ ደግሞ ዘመኑን በቀን መቁጠሪያ መንገር አያሻዎትም። ሁለተኛው መፍትሔ በዛሬው ዘመን ቆይቶ ስልኩን ችግር ማድረግ ነው፤ ስልኩ ያለው ደላላው እጅ ነው፣ ወይም አሠሪዋ ወስዳባታለች። ለእናትና ለዘነበች ሁለተኛው ይሻላል።

«መቼ» ሲባል ደግሞ ዓመቱ ብቻ አይበቃም፤ ሰዓቱም ይቆረጥ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚነሣው ጎህ ሳይቀድ ነው። መንገደኛ መናኸሪያ የሚሰበሰበው ከሌሊቱ 10 እና 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ተሸካሚው፣ ተራ አስከባሪው፣ ሻይ የምታፈላዋ ሁሉም በዚያ ጨለማ ውስጥ ናቸው። ሻንጣ በእጅ ተይዞ አይገባም፤ ረዳቱ ፖርቶመጋላ ላይ ያወጣዋል፣ በሸራ ይሸፍነዋል፣ በገመድ ይጠፍረዋል። ይህን ሲያውቁ «ሻንጣሽን ይዤልሽ» የሚለው ስንኝ መጨረሻው የት እንደሆነ ያውቃሉ፦ ሻንጣው ከእናትየዋ እጅ ወደ ላይ ይወጣል። ማን ይቀበላታል? ረዳቱ። ስለዚህ ትዕይንቱ ውስጥ ሦስተኛ ሰው አለ፤ ዘፈኑ ግን ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሦስተኛ ሰው ሳይገባ ንግግር አይመጣም፤ የሚለያዩ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሲሆኑ ዝም ነው የሚሉት፣ ወይም ደግሞ ዘፈን የመሰለ ነገር ይናገራሉ።

አሁን ልዩነቱን በቅርብ እንየው። ዘፈኑን በስድ ንባብ የደገመው ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

«ዝናቡ ያካፋ ነበር። ሻንጣዋን ይዤላት ቆሜያለሁ። ልቤ በሐዘን ተሰብሯል። ልነግራት የምፈልገው ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ግን ቃላት አጣሁ። አውቶቡሱ ሄደ። እንባዬም ከዝናቡ ጋር ተቀላቀለ።»

ያው ዘፈን፣ ዝምታው ከተገኘ በኋላ፦

«ረዳቱ ፖርቶመጋላው ላይ ቆሞ ሸራውን እየጎተተ፣ ‹ይቺ ቀይ ሻንጣ የማን ናት?› አለ።

‹የልጄ ናት› አልኩት።

‹ስም?› እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አወረደ።

አፌን ከፈትኩ። አራት ቀን ሙሉ ምድጃ ሥር ተለማምደነዋል። ቡና ስወቅጥ፣ ሐያት። ውኃ ቅጂ ስላት፣ ሐያት። ደላላው፣ ልጅቷ ብትሳሳት ልጅ ናት ይሏታል፣ እናቷ ከተሳሳተች ግን ሁሉም ነገር ገደል ገባ ብሎኛል።

‹እናቴ፣ ስም እኮ ነው የምልዎት!›

አንድ ጠብታ እጄ ላይ አረፈ። ቀጥሎ ሻንጣው ላይ።

‹ዘነበ› አልኩት።

ረዳቱ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና ሸራውን መሳብ ጀመረ። ልጄ ግን ከሰልፉ ውስጥ ዞር አለች።»

እንግዲህ ይቁጠሩ። ልብ የለም፣ እንባ የለም፣ ሐዘን የለም። ዝናቡ፣ ሻንጣው፣ ከአፍ የጠፋው ስም ሦስቱም አሉ፤ ከዘፈኑ ግን አንድም ሐረግ አልተወሰደም። «ዘነበ» ሁለት ነገር ይላል፤ ረዳቱ አንዱን ሰማ፣ ልጅቷ ሌላውን። ይህ ገጣሚዎቻችን ኅብረ ቃል የሚሉት ነው፤ በስድ ንባብ የሚሠራው ግን ሁለቱን ትርጉም ለሁለት ሰዎች ሲያካፍሉት ነው። ሁለቱንም አንድ ሰው ከሰማቸው ቀልድ ይሆናል፤ ተራኪው ካብራራቸው ደግሞ የቋንቋ ትምህርት ይሆናል።

ስለ ኅብረ ቃል ከተነሣ አንድ ወጥመድ ልጠቁም። ሰምና ወርቅ ያለው ዘፈን ሲመርጡ ወርቁን አውጥቶ የመጻፍ ፈተና ይመጣል። በደርግ ዘመን ሳንሱር ስለነበር ሰሚው ከፍቅር ዘፈን ውስጥ ሌላ ነገር ለማውጣት ጆሮውን ያሾል ነበር፤ ከዚያ ዘመን ዘፈን የሚነሡ ጸሐፊዎች «ዘፈኑ በእውነት የሚለው ይህንን ነው» ወደሚል ታሪክ ይሮጣሉ። ውጤቱ ትንታኔ ነው። ድርጊቱ ሰሙ ላይ ይሂድ፤ ወርቁን የሚያውቅ ያውቀዋል።

አዝማቹ የራሱን ሥራ ይፈልጋል። ወረቀት ላይ ያንኑ ዐረፍተ ነገር መደጋገም አይሠራም፤ አንባቢ ሁለተኛውን ጊዜ ዘሎት ያልፋል። አዝማቹን የተሸከመውን አንድ ቃል ይያዙና በሦስት ቦታ፣ በሦስት ሰው አፍ፣ በተለያየ ትርጉም ያስገቡት። ሦስት ይበቃል፤ አራተኛው ላይ ዘዴው ይታወቃል። በእኛ ዘፈን ቃሉ «መድረስ» ነው። «ደረሰች» ማለት ያሰበችበት ገባች ማለት ነው፤ ለአቅመ ሔዋን በቃችም ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ጎረቤትየዋ እንጀራ ልትበደር መጥታ «ልጅሽ እኮ ደርሳለች፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ትላለች፤ ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው፤ ፓስፖርቱ 24 ይላል። ሁለተኛው መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ እናት በመስኮቱ በኩል «መድረስሽን» ብላ ሳትጨርስ አውቶቡሱ ይንቀሳቀሳል። ሦስተኛው ከአምስት ቀን በኋላ ከደላላው ስልክ ይመጣል፤ ፊደል የቆጠረው የጎረቤት ልጅ ያነብላታል፦ «ሐያት በሰላም ደርሳለች»። እዚያ ይቁም። እናትየዋ «ዘነበችስ?» ብላ እንድትጠይቅ እጅዎን ይበላዎታል። ይተዉት፤ አንባቢው ራሱ ይጠይቀዋል።

እናት ካልሆነችልዎት ሌሎች ወንበሮች አሉ፤ ባጭሩ ልለፋቸው። ተጓዧ ራሷ፣ በመስኮቱ በኩል የሚዘፈንላትን እያየች አንድ ሌላ ነገር የምታስብ፤ ስለ ወንድ ብሶት የተዘፈነ ነገር ከሴቷ በኩል ሲታይ ብዙ ጊዜ ሌላ መልክ ይይዛል። ረዳቱ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ይህን የሚያይ። ዘፈኑን ራሱን ዕቃ አድርጎ ማስገባትም ይቻላል፤ ማለትም ሰዎቹ በሕይወታቸው መሀል ያንን ዘፈን ይሰሙታል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፣ እውነቱ ግን ከሁሉም ከባድ ነው፤ አንባቢው ዘፈኑን ካላወቀው ትዕይንቱ ባዶ ነው፣ ካወቀው ደግሞ ከእርስዎ ታሪክ ወጥቶ ወደ ራሱ ትዝታ ይሄዳል።

ከዜማው ምን ይወሰዳል? ብዙ ሰው «ትዝታ ቅኝት ስለሆነ ታሪኩም ቀስ ያለ ይሁን» ይላል። ይህ ትንሽ ይረዳል፤ የበለጠ የሚረዳው ዜማውና ግጥሙ የሚጣሉበትን ቦታ ማግኘት ነው። በእኛ ዘፈን ልቅሶ የሆነ ግጥም እስክስታ በሚያስወርድ ችክችካ ምት ሲዘፈን መስማት የተለመደ ነው፤ ሰው እያዘነ ትከሻውን ያወርዳል። የእርስዎ ዘፈን እንዲህ ከሆነ ያ ጠብ ትዕይንት ይሁን፦ የመለያየቱ ወሬ ሰርግ ቤት ውስጥ ይነገር፣ ሰሚው አጨብጫቢዎች መሀል ቆሞ እጁን ማቆም አይችል። ዘፈኑ ቀስ ያለ ከሆነና ማሲንቆ ብቻውን ረጅም መግቢያ ካለው ደግሞ፣ ሰው ሳይናገር የሚሠራበት ግማሽ ገጽ በመክፈቻው ይጻፉ፤ ቡና መቁላት፣ ሻንጣ መሸከፍ።

ሲጽፉ ዘፈኑን ያጥፉ። ከመቀመጥዎ በፊት ሁለት ጊዜ ይስሙት፣ አሥር ደቂቃ ይበቃዎታል፤ ከዚያ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። እየሰሙ የሚጽፉ ከሆነ ዕንባውን የሚያመጣው ዜማው ነው፤ እርስዎ ግን ዐረፍተ ነገሩ ያመጣው ይመስልዎታል። ለመጀመሪያው ረቂቅ ከ1,500 እስከ 2,000 ቃል ያስቡ፣ በሦስት ትዕይንት። እኩል አያካፍሏቸው፤ ለእናትና ለዘነበች ቤቱን በ400፣ መናኸሪያውን በ1,000፣ መልእክቱን በ300 እጨርሰው ነበር። የተራረፈው ቃል መንገድ ላይ ያልቃል። መጀመሪያ የሚጻፈው መናኸሪያው ነው፤ ዘፈኑ ያለው እዚያ ስለሆነ ሙቀቱ ሳይበርድ ይያዝ።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ የሚታዩ ጥፋቶች ተመሳሳይ ናቸው። የመጀመሪያው የቃላት ነው። «ልብ»፣ «እንባ»፣ «ፍቅር»፣ «ናፍቆት»፣ «ትዝታ» የሚሉትን በኮምፒውተር ይፈልጉና ይቁጠሯቸው። በጠቅላላው ከሁለት ከበለጡ የዘፈኑ ቋንቋ ገብቶብዎታል ማለት ነው፤ እያንዳንዱን አውጥተው ሰውየው በዚያች ደቂቃ በእጁ ምን ይሠራ እንደነበር ይጻፉበት።

ሁለተኛው ጥፋት ቤት መምታት ነው፤ ይህ በተለይ የአማርኛ ጣጣ ነው። ግሳችን ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ስለሚውል ባለቤቱ አንድ ከሆነ ሁሉም በአንድ ድምፅ ያልቃል፦ «ሻንጣዋን አነሣች። ወደ በሩ ሄደች። ዞር ብላ አየች።» ከዘፈን የመጣ ጆሮ ደግሞ ይህን ይወደዋል፣ ሳያውቀውም ያበዛዋል። ድምፅዎን ከፍ አድርገው ሲያነቡ ይሰማዎታል። ማስተካከያው ብዙ ነው፦ ሁለቱን ግሶች በቦዝ አንቀጽ ማያያዝ፣ «ሻንጣዋን አንሥታ ወደ በሩ ስትሄድ»፤ ባለቤቱን መቀየር፣ «በሩ ተከፈተ»፤ መሀል ላይ ንግግር ማስገባት። ሦስት ዐረፍተ ነገር ተከታትሎ በ«ች» ወይም በ«ሁ» ካለቀ አንዱን ይስበሩት።

ሦስተኛው ጥፋት ለራስዎ አይታይዎትም። ዘፈኑን የማያውቅ ሰው ያስነብቡት፤ በዕድሜ የሚያንስዎ ወይም በውጭ አገር ያደገ ቢሆን ጥሩ ነው። «አሳዘነህ ወይ?» ብለው አይጠይቁ። «ምን ሆነ? ማን ምን አደረገ?» ይበሉት። ድርጊቱን ከዳር እስከ ዳር ከነገረዎት ታሪኩ በእግሩ ቆሟል። «እ… ስለ መለያየት ነው» ካለዎት ወረቀቱ ላይ ያለው ገና ዘፈኑ ነው፤ አራት ቦታ ወደከፈሉት ወረቀት ይመለሱ።

ስለ ግጥሙ መጥቀስ። በኢትዮጵያ የሚሠራው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ሐሳብ በሕግ አይጠበቅም፤ «አንዲት ሴት በአውቶቡስ ትሄዳለች፣ ሸኚዋ መናገር አቃተው» የሚለው የማንም አይደለም። የሚጠበቀው ሐሳቡ የተነገረበት ቃል ነው፤ ግጥሙ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ በጥቅሉ ሲታይ 70 ነው። አዋጁ ደራሲውና ምንጩ ተጠቅሰው፣ ተገቢ በሆነ መጠን ጥቅስ መውሰድን ይፈቅዳል። ዘፈን ግን አጭር ስለሆነ ሁለት ስንኝ ከ16ቱ ሲወሰድ «ትንሽ» ነው ብሎ መከራከር ያስቸግራል፤ አዝማቹ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ታሪኩን በመጽሐፍ ሊያሳትሙት ካሰቡ ስንኝ የሌለበት ይሁን፤ ከላይ እንዳዩት ሳይጠቅሱም ይሠራል። የግድ ካስፈለገ ፈቃድ የሚጠየቀው ከድምፃዊው ሳይሆን ከግጥም ደራሲው ወይም ከወራሾቹ ነው፤ ካሴቱ ወይም ሲዲው ሽፋን ላይ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» ተብሎ ለየብቻ የተጻፈው ለዚህ ይጠቅምዎታል። ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ምን ያህል ስንኝ፣ ለየትኛው ኅትመት እንደሆነ በግልጽ ይስፈር።

የዘፈኑን ስም መጥቀስ ከፈለጉ ከታሪኩ በኋላ፣ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ያድርጉት። ከርዕሱ ሥር ከተጻፈ አንባቢው ገና ከመጀመሪያው መስመር ዜማውን በሆዱ ማዜም ይጀምራል፣ እናትየዋንም ዘፋኙ አድርጎ ያያታል።